ምርመራ ያለፈ ያገለገለ ኮሮላ ምን ያህል ይታመናል?

ያገለገለ መኪና ለመግዛት የሚደራደሩ ሰዎች ዋጋው ላይ ከመስማማታቸው በፊት የሚያነሱት የመጨረሻ ጥያቄ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፤ «ምርመራ አልፏል?» የሚል። በዱባይ «ፈሕስ»፣ በአዲስ አበባ ደግሞ «ቦሎ» የሚለው ቃል ድርድሩን ይዘጋዋል። ሻጭ ወረቀቱን ያሳያል፣ ገዢም ልቡ ያርፋል፣ ገንዘቡም ይቆጠራል።

ይሁንና ይህ ወረቀት በትክክል የሚያረጋግጠው ምንድን ነው? ለዓመታት በባሕረ ሰላጤው ሙቀት የቆየ፣ ወይም የአዲስ አበባን ዳገትና ቁልቁለት ሲወጣና ሲወርድ የኖረ መኪና በአንድ ቀን ምርመራ ማለፉ ለተሳፋሪው ሕይወት ምን ያህል ዋስትና ይሆናል? ይህ ትንታኔ ጥያቄውን በቀጣናው ጎዳናዎች እጅግ ከተለመዱት መኪኖች በአንዱ፣ በቶዮታ ኮሮላ፣ አማካይነት ይመለከታል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በስተቀር፣ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው አሁን ለምን ከበደ?

ኢትዮጵያ በጥር 2024 ከኤሌክትሪክ መኪኖች በስተቀር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኗን በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በዓለሙ ስሜ በኩል አስታውቃለች። ከዚያ አስቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የተሻሻለው የኤክሳይስ ታክስ፣ የመኪናው ዕድሜ በጨመረ ቁጥር የሚጣለው ቀረጥ እንዲከብድ አድርጎ ነበር። የሁለቱ እርምጃዎች ዓላማ የነዳጅ ወጪንና የአየር ብክለትን መቀነስ እንዲሁም አገሪቱ የአሮጌ መኪኖች ማራገፊያ እንዳትሆን መከላከል ነው።

ውሳኔው ግን አንድ ተጓዳኝ ውጤት አለው። በነዳጅ የሚሠራ አዲስ ተተኪ ካልገባ፣ አስቀድሞ በጎዳና ላይ ያለው መኪና ከታሰበለት ዕድሜ በላይ ማገልገሉ አይቀርም። ባለቤቱ ይጠግነዋል፣ ይሸጠዋል፣ ቀጣዩም ገዢ እንደገና ይጠግነዋል። የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ያለው አማራጭ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ያገለገለ መኪና ነው። በዚህ ሁኔታ ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ከአስተዳደራዊ ግዴታነት አልፎ በአሮጌው መኪናና በአደጋ መካከል የቆመ ዋነኛ በር ይሆናል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም የጉዳዩ ባለቤቶች ናቸው። በኤምሬቶችና በሳዑዲ ዓረቢያ በሹፍርና፣ በዕቃ ማድረስ ወይም በአነስተኛ ንግድ የተሰማሩ ብዙዎች የመጀመሪያ መኪናቸውን የሚገዙት ከሁለተኛ እጅ ገበያ ነው። የሚፈርሙበት የምርመራ ወረቀት ደግሞ በአብዛኛው የተጻፈው በዓረብኛ ነው።

ኮሮላ ለምን?

ኮሮላ በ1966 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። አምራቹ ኩባንያ ይህ ቁጥር መሞላቱን ያስታወቀው በ2021 ነበር። የአዲስ አበባ ነዋሪ «ዲኤክስ» እያለ የሚጠራው የቀድሞው ኮሮላ በቀላሉ በመጠገኑና መለዋወጫው በየመንደሩ በመገኘቱ የጽናት ምሳሌ ሆኖ ኖሯል። በባሕረ ሰላጤውም የቤተሰብና የመሥሪያ ቤት መኪና ሆኖ አገልግሏል።

ዛሬ በሁለተኛ እጅ ገበያው ላይ በዝቅተኛ ዋጋ የሚገኙት በዋናነት ሁለት ትውልዶች ናቸው፤ በ2000 የወጣው ዘጠነኛውና በ2006 ተተክቶት እስከ 2013 አካባቢ በብዙ አገሮች የተሸጠው አሥረኛው። የሁለቱም ስም መልካም ነው። አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ መልካም ስም ነው። «ቶዮታ ነው፣ አይሰበርም» የሚለው እምነት ገዢው የማይጠይቀውን ጥያቄ ያበዛል፣ ሻጩም የማይመልሰውን።

ምርመራው የሚያየው

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች አዲስ የግል መኪና ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ከምርመራ ነፃ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የመኪናው ምዝገባ፣ ማለትም «ሙልኪያው»፣ በታደሰ ቁጥር በየዓመቱ መመርመር አለበት። በሳዑዲ ዓረቢያም የግል መኪና ከሦስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይመረመራል። በኢትዮጵያ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ዓመታዊ ምርመራን ግዴታ ያደርጋል። ብሪታንያ ከሦስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ስትመረምር፣ ጀርመን ከመጀመሪያው ሦስት ዓመት በኋላ በየሁለት ዓመቱ ትመረምራለች።

በሁሉም ዘንድ የምርመራው አካል ተመሳሳይ ነው፤ ፍሬን፣ መሪ፣ እግርና ተያያዥ ክፍሎቹ፣ ጎማ፣ መብራት፣ መስታወት፣ ሻንሲና ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ። ፍሬን የሚለካው መኪናው በሚሽከረከሩ ሲሊንደሮች ላይ ቆሞ ነው። እዚህ ላይ የሚታየው መኪናው መቆም መቻሉ ብቻ ሳይሆን የግራና የቀኝ ጎማ እኩል መያዛቸውም ነው። በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ መሠረት በአንድ አክስል ላይ ካሉት ሁለት ጎማዎች የአንዱ የፍሬን ኃይል ከሌላው 70 በመቶ በታች ከሆነ መኪናው ይወድቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በድንገት ፍሬን ሲያዝ እንዲህ ያለው መኪና ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

ኮሮላን የሚጥሉት ክፍሎች

በእነዚህ ሁለት የኮሮላ ትውልዶች ላይ ዕድሜና የአየር ጠባይ የሚያስከትሏቸው ጉድለቶች አብዛኞቹ ርካሽና አስቀድመው ሊታዩ የሚችሉ ናቸው።

የመጀመሪያው መብራት ነው። የፊት መብራቱ ክዳን ከፕላስቲክ የተሠራ በመሆኑ የባሕረ ሰላጤው ፀሐይ በዓመታት ውስጥ ያደበዝዘዋል፣ ቢጫም ያደርገዋል። አምፖሉ አዲስ ቢሆንም ብርሃኑ ይበታተናል። የተቃጠለ የፍሬን መብራት ወይም የማይበራ ፍሬቻም በብዙ አገሮች መኪኖች ከሚወድቁባቸው ምክንያቶች በግንባር ቀደምነት ይሰለፋል። ለማስተካከል ጥቂት ገንዘብ ይበቃል፣ ቸል ሲባል ግን የሌሊት አደጋ ምክንያት ይሆናል።

ሁለተኛው ጎማ ነው። የጎማው ጥርስ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። በኤምሬቶች ከዚህ በተጨማሪ ከተመረተ አምስት ዓመት ያለፈው ጎማ፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም፣ አይፈቀድም። ላስቲክ በሙቀት ውስጥ ሳይሽከረከርም ያረጃልና። የምርት ጊዜው በጎማው ጎን በአራት አኃዝ ተጽፏል። ለምሳሌ 2319 የሚል ካለ ጎማው የተመረተው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ይህን አኃዝ ማንበብ የሚችል ገዢ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከብዙ ወሬ የበለጠ እውነት ያገኛል።

ሦስተኛው የፊት እግር ነው። የታችኛው ክንድ ጎሚኒዎች ይሰነጠቃሉ፣ የመሪ ቴስቲኒዎች ይላላሉ፣ ሾክ አብዞርበሮች ዘይት ያፈሳሉ። በባሕረ ሰላጤው ሙቀቱ ጎሚኒውን ያደርቀዋል፣ በኢትዮጵያ ደግሞ ጉድጓዱና ኮረኮንቹ ይመታዋል። መኪናው በለሰለሰ አስፋልት ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ አሽከርካሪው ልብ አይለውም። መርማሪው ግን ከታች ሆኖ በብረት ሲገፋው ክፍተቱ ይታየዋል።

አራተኛው ፍሬን ነው። ያለቀ የፍሬን ሸራ ወይም የሳሳ ዲስክ በቀላሉ ይለወጣል። ይልቅ የሚረሳው የፍሬን ዘይት ነው። ይህ ፈሳሽ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት ሲኖረውም የመፍላት ነጥቡ ይወርዳል። በሜዳማው ዱባይ ይህ ለዓመታት ሳይታወቅ ይኖራል። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወረድ ግን ፍሬኑ ይግላል፣ ፈሳሹ ይፈላል፣ ፔዳሉም ከእግር ሥር ባዶ ሆኖ ይወርዳል።

አምስተኛው ጭስ ነው። «1ዜድዜድ» በሚል የሚታወቀው የዘጠነኛው ትውልድ 1.8 ሊትር ሞተር፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተመረተው፣ የፒስተን ፋሻዎቹ ዘይት በሚመልሱበት ቀዳዳ ጥበት ምክንያት ዘይት በመብላት ይታወቃል። የተቃጠለው ዘይት ሰማያዊ ጭስ ይሆናል፣ በማርሚታው መስመር ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያም ቀስ በቀስ ያበላሻል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። የሞተሩ ኃይል ይቀንሳል፣ አሽከርካሪውም ነዳጁን አብዝቶ ይረግጣል።

ምርመራው የማያየው

እስካሁን የተዘረዘሩት ጉድለቶች ለዓይንና ለመሣሪያ የተገለጡ ናቸው። ከባዱ ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

የቴክኒክ ምርመራ የአንድ ቀን ፎቶግራፍ ነው። መርማሪው ሞተሩን አይፈታም፣ ካምቢዮውን አይከፍትም፣ ዳሽቦርዱን አያነሳም። ዘይት የሚበላ ሞተር ከምርመራው በፊት ወፍራም ዘይት ቢጨመርበት ለጥቂት ቀናት ጭሱ ይቀንሳል። ያለቀ ጎማ በተውሶ ጎማ ተተክቶ በማግሥቱ ሊመለስ ይችላል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ወረቀቱ የሚናገረው ስለዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የአየር ከረጢቱ ጉዳይ ነው። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያመረታቸው የአየር ከረጢት ማስነሻዎች አሞኒየም ናይትሬት የተባለ ኬሚካል ይጠቀሙ ነበር። ኬሚካሉ ለረጅም ዓመታት ለሙቀትና ለእርጥበት ሲጋለጥ ባሕርዩ ይለወጣል። ከዚያም በግጭት ጊዜ ከሚገባው በላይ በኃይል ፈንድቶ የብረት መያዣውን ይበጣጥሰዋል። ሕይወት ለማዳን የተሠራው ከረጢት የብረት ስብርባሪ በተሳፋሪው ፊትና አንገት ላይ ይረጫል። በዓለም ዙሪያ ከ30 በላይ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሞተዋል። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል ማስነሻዎች እንዲለወጡ ጥሪ ተደርጓል፣ ኩባንያውም በ2017 ለኪሳራ ተዳርጓል።

ጥሪው ከተደረገላቸው መኪኖች መካከል ከ2003 እስከ 2013 ባሉት የሞዴል ዓመታት የተመረቱ ብዙ ኮሮላዎች ይገኙበታል። አደጋው ከፍ የሚለው መኪናው ሞቃትና እርጥበታማ በሆነ ስፍራ ሲኖር መሆኑ የባሕረ ሰላጤውን ዳርቻ በቀጥታ ይመለከታል። ዓመታዊው ምርመራ ግን ማስነሻው ውስጥ ያለውን ኬሚካል ሊያይ አይችልም። ከፍ ሲል የአየር ከረጢቱ የማስጠንቀቂያ መብራት መጥፋቱን ይመለከታል፣ መብራቱም ጠፍቶ ይሆናል። ፍሬኑ፣ ጎማውና መብራቱ ሁሉ አልፎ «ናጂሕ» የሚል ማኅተም ያረፈበት ኮሮላ ይህን አደጋ ተሸክሞ ሊጓዝ ይችላል ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላልና ነፃ ነው። የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ ወደ አምራቹ ሕጋዊ ወኪል መሄድ ወይም የጥሪ መዝገብ ባለባቸው አገሮች መጠየቅ ብቻ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ የንግድ ሚኒስቴሩ የሚያስተዳድረው የጥሪ ማዕከል ይህን መረጃ በኢንተርኔት ያቀርባል። በጥሪው መሠረት የሚደረግ ቅያሪ ባለቤቱን አያስከፍልም። ችግሩ መኪናው ድንበር ሲሻገር ይጀምራል። ባለቤቱ ሲለዋወጥ፣ አገሩም ሲለዋወጥ፣ ጥሪው የሚላክለት አድራሻ ይጠፋል።

መርማሪውን ማን ይመረምራል?

የምርመራው አስተማማኝነት በመሣሪያው ብቻ አይወሰንም። የሚመረምረው ተቋም ጥቅም ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄም አብሮ ይነሳል። በብሪታንያ የሚመረምረው ጋራዥ ራሱ ሊጠግን ስለሚችል፣ ያልተበላሸውን «ተበላሽቷል» የማለት ፈተና አለ። ምርመራና ጥገና በተለያዩበት ሥርዓት ይህ ስጋት ይቀንሳል፣ ነገር ግን የግል ተቋማት ለደንበኛ ሲሻሙ ሌላ ፈተና ይፈጠራል፤ የተበላሸውን «ደህና ነው» የማለት።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በኒው ዮርክ ግዛት የሚካሄደውን የጭስ ምርመራ መርምሮ፣ በአቅራቢያቸው ብዙ ተፎካካሪ ያላቸው የምርመራ ተቋማት መኪኖችን ይበልጥ እንደሚያሳልፉ አሳይቷል። ደንበኛው የሚፈልገው ጥራት ያለው ምርመራ ሳይሆን ማለፊያ ወረቀት ነው። በተራ ገበያ ውድድር ጥራትን ያሳድጋል፣ በዚህ ገበያ ግን ቸልተኝነትን ሊያሳድግ ይችላል። የግል የምርመራ ተቋማትን ለሚፈቅዱ አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ፈቃድ መስጠት ብቻውን አይበቃም፣ ውጤታቸውን በየጊዜው ማነጻጸርና ድንገተኛ ቁጥጥር ማድረግ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ ከአሮጌ መኪና በላይም ይዘልቃል። በሰኔ 2024 ቶዮታ ራሱ በጃፓን በሚሸጡ ሦስት ሞዴሎች፣ ኮሮላ ፊልደር፣ ኮሮላ አክሲዮና ያሪስ ክሮስ፣ የማረጋገጫ ፈተና ላይ ያልተሟላ መረጃ ማቅረቡን አምኖ ጭነታቸውን ለጊዜው አቁሟል። ይህ ለአዲስ ሞዴል የሚሰጥ ፈቃድ እንጂ ዓመታዊ ምርመራ አይደለም። የሚያስገነዝበው ግን አንድ ነው፤ የምርት ስም የቱንም ያህል የከበረ ቢሆን የነፃ መርማሪን ቦታ አይተካም።

ድንበር የሚሻገሩ መኪኖች

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪኖች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌሎች አገሮች መላካቸውን ገልጿል። 80 በመቶ ያህሉ የገቡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ወዳላቸው አገሮች ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አፍሪካ ገብተዋል። በኔዘርላንድስ ወደቦች በኩል ወደ አፍሪካ የተላኩት ሲመረመሩም አብዛኞቹ በሚጫኑበት ጊዜ ጸንቶ ያለ የምርመራ ወረቀት አልነበራቸውም፣ ዕድሜያቸውም በ16 እና በ20 ዓመት መካከል ነበር።

የባሕረ ሰላጤው ወደቦች በዚህ ንግድ ውስጥ ትልቅ መሸጋገሪያ ናቸው። ከጃፓን የመጡ ባለ ቀኝ መሪ መኪኖች በቀጣናው ወደ ግራ መሪ ተለውጠው ወደ ሌሎች አገሮች ሲላኩ ኖረዋል። ይህ ሥራ መሪውን፣ ፔዳሎችንና ዳሽቦርዱን ከቦታቸው ማንሳትን ይጠይቃል። በጥንቃቄ ካልተሠራ የመሪው መጋጠሚያ ይላላል፣ የአየር ከረጢቱ ሳይገናኝ ይቀራል። በግራ መንገድ ለሚነዳበት አገር የተሠራው የፊት መብራት ካልተለወጠም ብርሃኑ በቀጥታ ከፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ይመታል።

አንዳንድ አገሮች በሩን ከመነሻው ጠብቀዋል። ሳዑዲ ዓረቢያ ከአምስት ዓመት በላይ ያገለገለ የቤት መኪና አታስገባም። ኬንያ የስምንት ዓመት ገደብ ያላት ሲሆን፣ መኪናው ከመጫኑ በፊት በመነሻው አገር እንዲመረመር ታስገድዳለች። ኢትዮጵያ አሁን በሩን ዘግታለች። በሩ ሲዘጋ ግን በቤት ውስጥ ያለውን መንከባከብ የበለጠ ግድ ይሆናል።

ገዢው ምን ያድርግ?

የመጀመሪያው ምክር ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው። በዓረብኛ በተጻፈ የምርመራ ወረቀት ላይ ገዢዎች የሚፈልጉት «ናጂሕ»፣ ማለትም አልፏል፣ ወይም «ራሲብ»፣ ማለትም ወድቋል፣ የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ይልቅ ዋናው ቁም ነገር ያለው «ሙላሐዛት» ከሚለው ቃል ሥር ነው። ትርጉሙ «አስተያየቶች» ሲሆን፣ ዛሬ ለመጣል የማይበቁ ነገር ግን ነገ የሚጥሉ ጉድለቶች የሚጻፉት እዚያ ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ከመፈረሙ በፊት የሚያነብለት ሰው ይፈልግ።

ሁለተኛ፣ ገዢው የሻጩን ወረቀት ሳይጠብቅ በራሱ ወጪና በመረጠው ተቋም መኪናውን ያስመርምር፣ በቦታውም ይገኝ። ሦስተኛ፣ በሙልኪያው ወይም በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር በመኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጥ። በኤምሬቶች በዚሁ ቁጥር የአደጋ ታሪክን በኢንተርኔት መጠየቅ ይቻላል። አራተኛ፣ የአየር ከረጢቱ ጥሪ መፈጸሙን ይጠይቅ። አምስተኛ፣ ሞተሩ አድሮ ሳይሞቅ በጠዋት ያስነሳው። ሻጩ አስቀድሞ ያሞቀው ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃልና።

ለመንግሥታትም የሚሆን ምሳሌ አለ። በብሪታንያ ማንኛውም ሰው የአንድን መኪና ታርጋ አስገብቶ ያለፈባቸውንና የወደቀባቸውን ምርመራዎች፣ በየጊዜው የተመዘገበውንም ኪሎ ሜትር፣ ያለ ክፍያ መመልከት ይችላል። እንዲህ ያለ መዝገብ የአንድ ቀን ፎቶግራፉን ወደ ሙሉ የሕይወት ታሪክ ይለውጠዋል። ቆጣሪ የመለሰ ሻጭ በአኃዙ ይጋለጣል፣ ሁልጊዜ የሚያሳልፍ ተቋምም በውጤቱ ይታወቃል። ይህን ለማድረግ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ቀድሞውኑ የሚሰበሰበውን መረጃ ለሕዝብ መክፈት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ከእነዚህ 92 በመቶ የሚሆኑት የሚሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የዓለም ተሽከርካሪ በእነዚህ አገሮች ያለው ግን 60 በመቶ ገደማው ብቻ ነው። ለዚህ ልዩነት መንገዱም፣ ፍጥነቱም፣ የሕክምናው ርቀትም ድርሻ አላቸው። የመኪናው ይዞታ ግን ባለቤቱና መንግሥት በቀጥታ ሊያስተካክሉት ከሚችሏቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ኮሮላ በደንብ ከተያዘ ዛሬም ጠንካራ መኪና ነው። ጥያቄው ስለ መኪናው ጽናት ሳይሆን ስለ እኛ ትኩረት ነው። የምርመራ ወረቀቱ ሊከበር ይገባዋል፣ ነገር ግን የጥያቄ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ ተደርጎ አይወሰድ። በኋላ ወንበር የሚቀመጡት ልጆች ወረቀቱን አላነበቡትም። ያነበበላቸው ገዢው ብቻ ነው።